ካርቱም ለአዲስ ሚስዮናውያን፦ ሙቀቱን፣ ንዳዱንና ቋንቋውን መልመድ

ጣሊያናዊው ቄስ ዳንኤል ኮምቦኒ ካርቱም የገቡት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጥር 1858 ነበር። ዕድሜያቸው 26 ነው። ከግብፅ ተነስተው፣ የኑቢያን በረሃ በግመል አቋርጠው ነው የደረሱት። አብረዋቸው ከቬሮና ከወጡት አምስት ባልደረቦቻቸው ሦስቱ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሞቱ።

ይህ ለከተማዋ እንግዳ ነገር አልነበረም። የሮማው ሊቀ ጳጳስ ጎርጎርዮስ 16ኛ የመካከለኛው አፍሪካን ሐዋርያዊ አስተዳደር በ1846 ሲያቋቁሙ በኃላፊነት የተላኩት ፖላንዳዊው ኢየሱሳዊ ማክሲሚሊያን ሪሎ፣ ካርቱም በደረሱበት በ1848 ሰኔ ላይ አርፈዋል። በእግራቸው የተተኩት ስሎቬንያዊው ኢግናሲይ ክኖብሌሃር አሥር ዓመት ቆዩ። የአካባቢው ሰው “አቡና ሱሌይማን” ይላቸው ነበር። አቡና በአረብኛ ለማንኛውም ቄስ የሚሰጥ መጠሪያ ነው፤ አቡን ሲባል ጳጳስ ለሚታየው ኢትዮጵያዊ ግን ሹመቱ የፈጠነ ሊመስለው ይችላል። እሳቸውም በ1858 ወደ አውሮፓ ሲመለሱ ኔፕልስ ላይ በ38 ዓመታቸው ሞቱ።

ደገኛ ቆላ ሲወርድ ንዳድ እንደሚጠብቀው የኢትዮጵያ ገበሬና ነጋዴ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ከጣና የሚመጣው አባይ ከነጭ አባይ ጋር በሚገናኝበት ሜዳ ላይ የተቆረቆረችው ካርቱም፣ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይወጣል። የወባ ተሸካሚ ትንኝ መሆኗ የተረጋገጠው ደግሞ በ1890ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የመጡት መነኮሳት ጥፋቱን በመጥፎ አየር ላይ ያላክኩ ነበር።

ከሙቀቱ ቀጥሎ ቋንቋው ነበር። አረብኛ የካርቱም የገበያም የመንግሥትም ቋንቋ ነው፤ ያለ እርሱ ቤት መከራየትም ሆነ ጀልባ መኮናተር አይቻልም። ከጉሮሮ የሚወጡት የሐ እና የዐ ድምፆች ለጣሊያናዊ ጆሮ ይከብዳሉ። ፊደሎቹን ይዞ ድምፆቹን የተወው የአማርኛ ተናጋሪም ቢሆን ይህን ችግር ያውቀዋል፤ ትግርኛ ተናጋሪው ይቀለዋል። ነገር ግን የሚስዮኑ ዓላማ በነጭ አባይ ሽቅብ ያሉት የዲንካና የባሪ ሕዝቦች ስለነበሩ፣ በካርቱም የተለመደው አረብኛ እዚያ ብዙም አያራምድም። ቅዱስ መስቀል በተባለው የወንዝ ዳር ጣቢያ ኮምቦኒና ጆቫኒ ቤልትራሜ ዲንካኛን ከአፍ እየለቀሙ መማር ነበረባቸው። ያለ መዝገበ ቃላት ለሚማር ሰው መምህሩ የአገሬው ሰው ብቻ ነው፤ በኋላ ላይ በአውሮፓ በሊቃውንት ስም ለታተሙት የሰዋስው መጻሕፍት ቃላቱን ያቀበሉት የዲንካና የባሪ ወጣቶች ግን እምብዛም አይነሱም።

ሌላም እንቅፋት ነበር። ሚስዮኑ በኦስትሪያ መንግሥት ጥበቃ ሥር ነበረ፤ በዚያው ወንዝ ላይ ደግሞ የዝሆን ጥርስና የባሪያ ነጋዴዎች ይመላለሱ ነበር። ነጭ እንግዳ በጀልባ ሲመጣ ያየ የመንደር ሰው ቄሱን ከነጋዴው ለመለየት ምክንያት አልነበረውም። ቋንቋ መቻል ለስብከት ብቻ ሳይሆን፣ “እኔ ከእነዚያ አይደለሁም” ለማለትም ያስፈልግ ነበር።

ኮምቦኒ በ1859 ታመው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1864 ባወጡት ዕቅድ ያቀረቡት መከራከሪያ ቀላል ነው። አውሮፓዊው መሀል አፍሪካ ሲገባ ይሞታል፤ ለትምህርት አውሮፓ የሚወሰደው አፍሪካዊም በብርድ ይታመማል፣ ከወገኑም ይርቃል። ስለዚህ ሁለቱም ሊኖሩበት የሚችሉ መካከለኛ ቦታዎች ይፈለጉ፤ አፍሪካን የሚያድኗትም ራሳቸው አፍሪካውያን ይሁኑ። የአፍሪካን “መዳን” እነማን እንደሚወስኑ መጠየቁ ዛሬ ተገቢ ነው፤ በዘመኑ ግን አፍሪካውያንን መምህርና ካህን አድርጎ ማሰብ ብዙዎች ያልደፈሩት ነበር።

በ1867 መጨረሻ በካይሮ የተከፈቱት ተቋማት ከዚህ ሐሳብ የመነጩ ናቸው። አዲስ መጪው እዚያ ቆይቶ አረብኛ ይማራል፣ ሰውነቱን ከሙቀት ያላምዳል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ካርቱም ይወርዳል። ዘዴው ሁሉንም አላተረፈም። በ1877 ጳጳስ የሆኑት ኮምቦኒ ራሳቸው፣ አገሩንና ቋንቋውን ከብዙዎች በላይ ያወቁ ሆነው፣ ጥቅምት 10 ቀን 1881 ካርቱም ውስጥ በትኩሳት ሞቱ። ዕድሜያቸው 50 ነበር።

በስማቸው የሚጠራው የካርቱም ኮሌጅ በ1929 ተመሠረተ። ሚያዝያ 2023 የተቀሰቀሰው ጦርነት ከተማዋን ካወደመ ወዲህ ማስተማሩን በፖርት ሱዳን ቀጥሏል። ካይሮም አልተዘጋችም፤ በዛማሌክ ሰፈር የሚገኘው ዳር ኮምቦኒ ዛሬም ለውጭ አገር ሰዎች አረብኛ ያስተምራል።