ቤተ አምሐራ፡ በድንኳን የነገሠው ሥርወ መንግሥት

ስለ ጥንታዊ የአገራችን ነገሥታት ሲነሳ አብዛኞቻችን አክሱምን፣ ላሊበላንና ጎንደርን እንጠራለን። በላሊበላና በጎንደር መካከል ያሉት ሦስት መቶ ሃምሳ ያህል ዓመታት ግን የሚረሱ ይመስለኛል። የዚያ ዘመን አንዱ እምብርት ቤተ አምሐራ ሲሆን፣ ዛሬ መካነ ሰላምና ሳይንት የሚገኙበትን የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ይጨምራል።

ይኩኖ አምላክ የዛጉዌን ሥርወ መንግሥት ተክቶ በ1262 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1270) ሲነግሥ መነሻው ይኸው አገር ነበር። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳሙ አባ ኢየሱስ ሞዐ እንደደገፉትም ይነገራል። ከዚያ በኋላ ራሱን የሰሎሞን ዘር የሚለው ሥርወ መንግሥት የተቋረጠው መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው።

ታዲያ እንዲህ ያለ ኃይል በተነሳበት ምድር ቤተ መንግሥት የማናየው ለምንድን ነው? መልሱ በአገዛዙ ጠባይ ውስጥ ይገኛል። ነገሥታቱ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ከቦታ ቦታ በሚዛወር የድንኳን ከተማ ነው። የሚያንጹት ቤተ ክርስቲያን፣ የሚሰጡት ደግሞ ርስትና ጉልት ነበር። ከ1468 እስከ 1478 እ.ኤ.አ. የነገሠው በእደ ማርያም አትሮንስ ማርያምን አሠርቶ የአባቶቹን አፅም እዚያ አሳርፏል። አፄ ናኦድ የጀመሩትን መካነ ሥላሴን ደግሞ ልጃቸው ልብነ ድንግል አስፈጸሙት። ሁለቱም በ1531 እ.ኤ.አ. በአሕመድ ኢብን ኢብራሂም (ግራኝ) ዘመቻ ተቃጠሉ። ስለ መካነ ሥላሴ ውበት የጻፉት ፖርቱጋላዊው አልቫሬዝና የዘመቻው ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፋቂህ መሆናቸው ይገርማል፤ አንዱ እንግዳ፣ ሌላው ከአጥቂው ወገን!

ለንጽጽር ደቡብ ሕንድን እንመልከት። የቾላው ንጉሥ ራጃራጃ በታንጃቩር በ1010 እ.ኤ.አ. ያስፈጸመው ቤተ መቅደስ ዛሬም ቆሟል፤ ስጦታውና ሠራተኞቹ ሳይቀሩ በግድግዳው ላይ ተቀርጸዋል። የእኛዎቹ ተመሳሳዩን መዝገብ የጻፉት በብራና፣ በወንጌል ዳርቻ ላይ ነው። ብራና ደግሞ ይቃጠላል፣ ይሰረቃል፣ ይሸጣል።

ከዚያ ጦርነት በኋላ የኦሮሞ ማኅበረሰቦች በአካባቢው ሰፍረዋል፤ የቦረና ስምም የእነርሱ አሻራ ነው። እስልምናም ሥር ሰድዷል። ስለዚህ የዛሬው የመካነ ሰላም ሰው ወራሽነቱ የአንድ ሥርወ መንግሥት ብቻ አይደለም፤ ሁሉም የዚያ ምድር ታሪክ ነው።

በእኔ እምነት አሁን የሚያስፈልገው ሐውልት ማቆም አይደለም። እንደ ተድባበ ማርያም ባሉ ጥንታውያን ደብሮች ያሉትን ብራናዎች በፎቶግራፍ መመዝገብ፣ የፍርስራሽ ቦታዎችን በካርታ ማስፈር፣ የካህናቱንና የሼሆቹን ቃል መቅዳት ይቀድማል። ድንኳኑ ተነቅሏል፤ ብራናው ግን ገና በእጃችን ነው።