ቃል ከመቁጠር ሜጋ እስከ መቁጠር፦ ዳታ የመቆጠብ ታሪክ

ዛሬ «ቴሌግራም» ሲባል ብዙዎቻችሁ የምታስቡት ስልካችሁ ላይ ያለውን መተግበሪያ ነው። አያቶቻችሁ ግን ሌላ ቴሌግራም ያውቃሉ፤ በቴሌ መስኮት ተከፍሎበት በሽቦ የሚሄድ አጭር መልእክት። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ስማቸው ብቻ አይደለም። በሁለቱም ዘመን «መልእክቱ ስንት ያስወጣኛል?» የሚል ጥያቄ አለ። ልዩነቱ ሒሳቡን የሚይዘው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። ያኔ ከፋዩ ራሱ ከመላኩ በፊት ይቆጥር ነበር። አሁን ግን መተግበሪያው በእኛ ስም ያወጣል፤ እኛ የምንሰማው ፓኬጁ ሊያልቅ ሲል ነው። ታዲያ ቆጠራው ከእጃችን የወጣው እንዴት ነው? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የሽቦው ዘመን

የኢትዮጵያ ቴሌኮም ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከ1894፣ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ አዲስ አበባን ከሐረር ጋር ያገናኘው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። እንዲህ ያለ ሽቦ በአንድ ጊዜ ብዙ መልእክት አይሸከምም። ስለዚህ በዓለም ዙሪያ ቴሌግራም በቃል ቁጥር ይከፈልበት ጀመር፤ ሰውም ቃል መቀነስ ተማረ።

እዚህ ላይ አማርኛን አስቡት። «አልመጣሁም» አንድ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛው ግን ለዚሁ ሐሳብ አራት ቃል ይፈልጋል። በቃል ለሚከፍል ሰው የአማርኛ ግስ ራሱ የተጠቀለለ ዕቃ ነው ማለት ይቻላል።

ቁጠባው ከፊደሉም ይጀምር ነበር። በአሜሪካ ከሳሙኤል ሞርስ ጋር ይሠራ የነበረው አልፍሬድ ቬይል ወደ ማተሚያ ቤት ሄዶ በየሳጥኑ ያሉትን የእርሳስ ፊደሎች እንደቆጠረ ይነገራል። ብዙ ጊዜ ለሚመጣው ፊደል አጭር ምልክት፣ እምብዛም ለማይመጣው ረጅም ምልክት ተሰጠ። በሞርስ ኮድ «ኢ» የተባለው የላቲን ፊደል አንዲት ነጥብ ብቻ የሆነው ለዚህ ነው። ዛሬ ስልካችሁ ውስጥ ፋይል የሚጨምቁት ዘዴዎችም ይህንኑ ሐሳብ ይጠቀማሉ፦ የሚደጋገመውን አሳጥር።

ደውሎ መዝጋት

የሞባይል አገልግሎት አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው በ1999 ነው። ኋላ ሞባይሉ በየከተማው ሲዳረስ ሕዝቡ የራሱን ቁጠባ ፈጠረ፤ ሚስድ ኮል። «ስደርስ ደውዬ እዘጋዋለሁ» ይላል መንገደኛው። አንድ ጊዜ ጮኾ ከቆመ «ደርሻለሁ»፣ ካልጮኸ «ገና ነኝ»። ሒሳብ የለ፣ ካርድ አይቆረጥ!

ይህ ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ ሳይንስ ግን አለበት። ክሎድ ሻነን በ1948 ባሳተመው ጥናት የመረጃ መጠን የሚለካው በቃላት ብዛት ሳይሆን ከስንት አማራጮች አንዱ እንደተመረጠ በማየት እንደሆነ አሳየ። በእኩል ከሚጠበቁ ሁለት አማራጮች አንዱን ማሳወቅ አንድ ቢት ይባላል። ጮኾ የሚቆመው ስልክም አንድ ቢት ያህል ይልካል፤ ያውም በነፃ።

የጽሑፍ መልእክትም ወሰን ነበረው። አንድ ኤስ ኤም ኤስ የሚይዘው 140 ባይት ነው። በላቲን ፊደል ከተጻፈ 160 ምልክት ይገባበታል፤ በፊደላችን ሲጻፍ ግን 70 ብቻ። ምክንያቱም እያንዳንዱ የግዕዝ ሆሄ እዚያ ውስጥ ሁለት ባይት ይይዛል። «ሰላም» ሦስት ሆሄ ሆኖ 6 ባይት ይፈጃል። ብዙ ወጣቶች አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ የለመዱት ቀፎዎቹ የግዕዝ ፊደል ስላልነበራቸው ነው። ፊደሉ ሲመጣም ወሰኑ ጠበበባቸው።

አንድ መጽሐፍ በ6 ሰከንድ

ታዲያ ዛሬ ዳታችንን የሚበላው ፊደላችን ነው? እስኪ አብረን እናስላው። በኢንተርኔት ላይ በተለመደው አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ሆሄ 3 ባይት ይይዛል። 200,000 ሆሄ ያለው መጽሐፍ ሳይጨመቅ 600,000 ባይት ይሆናል፤ አንድ ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። በስልክ የተነሳ 3 ሜጋባይት ፎቶ አምስት እንዲህ ያሉ መጻሕፍትን ያክላል። በሰከንድ 100,000 ባይት የሚስብ መጠነኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ ደግሞ መጽሐፉን የሚያህል ዳታ በ6 ሰከንድ ይጨርሳል።

አሁን መካነ ኢየሱስ ላይ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የምትዘጋጅ ተማሪ አለች እንበል። ቤቷ ዋይፋይ የለም፤ ያላት 100 ሜጋባይት ነው። በጽሑፍ ከተጠቀመችበት ከ160 በላይ መጻሕፍት ያህል ማንበብ ትችላለች። ያው ዳታ ሳትነካቸው በሚከፈቱ ቪዲዮዎች ቢሄድ 17 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ጋይንት ወይም ስማዳ ላለ ተማሪም ሒሳቡ አይለወጥም። ኔትወርኩ ሲዳከም ደግሞ ይብሳል፤ መንገድ ላይ የጠፋው የዳታ ጥቅል እንደገና ይላካል።

ረከሰ፣ ግን አለቀ

ኢትዮ ቴሌኮም በ2018 የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን በ43 በመቶ ቀነሰ። በ2022 ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሥራ ጀምሮ ውድድር መጣ። ታዲያ «ዳታ በላብኝ» የሚለው ምሬት ለምን አልቀረም?

እንግሊዛዊው ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ በ1865 ስለ ድንጋይ ከሰል ሲጽፍ ተመሳሳይ ነገር አስተውሎ ነበር። የእንፋሎት ሞተር ከሰል እየቆጠበ ሲሄድ አገሪቱ የምታቃጥለው ከሰል አልቀነሰም፤ ጨመረ። ዳታም ሲረክስና ሲፈጥን መተግበሪያ ሠሪዎች ቪዲዮውን ሳይነኩት እንዲከፈት፣ ፎቶውን ሳይጠየቅ እንዲወርድ አደረጉ። ያልተገደበ ዋይፋይ ላለው ሰው ይህ ምቾት ነው። ሜጋ በሜጋ ለሚከፍለው ግን ሌላ ሰው በእሱ ኪስ እንደመገበያየት ነው።

መፍትሔ የሞከሩም ነበሩ። በ2006 ለዓለም የቀረበው ኦፔራ ሚኒ ድረ ገጹን መጀመሪያ በራሱ ሰርቨር ጨምቆ ወደ ስልኩ ይልክ ነበር። በ2015 ፌስቡክ ላይት ወጣ። በ2016 የወጣው አንድሮይድ 7 ደግሞ ዳታ ሴቨር የሚባል መቆለፊያ ይዞ መጣ፤ ይህ ሲበራ መተግበሪያዎች ከጀርባ ሆነው በዘፈቀደ ዳታ መሳብ አይችሉም።

ቆጠራውን ማስመለስ

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው የመጀመሪያ ትምህርት «መጀመሪያ ቁጠር» የሚል ነው። ስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የዳታ አጠቃቀም የሚለውን ክፈቱ። የትኛው መተግበሪያ ስንት ሜጋ እንደወሰደ በተራ ተዘርዝሮ ታገኙታላችሁ። ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስቱ ብቻ አብዛኛውን ይዘውት ይገኛሉ። ልፋታችሁን እነሱ ላይ አድርጉት።

ቀጥሎ በሞባይል ዳታ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ዝጉት፤ ቴሌግራም ላይ ይህ በአንድ ቦታ ይስተካከላል። ቪዲዮ በራሱ እንዳይጀምር አድርጉ፤ ለትምህርት የምታዩትንም ድምፁና ጽሑፉ እስከተለየ ድረስ ጥራቱን ዝቅ አድርጋችሁ እዩት። የመተግበሪያ ማሻሻያ ዋይፋይ እስክታገኙ ይቆይ። ዳታ ሴቨርን ስታበሩ ግን አስፈላጊ መልእክት የሚመጣበትን መተግበሪያ ለይታችሁ ፍቀዱለት፤ አለዚያ መልእክቱ ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል።

ይህን ስታደርጉ የምትቀንሱት ትምህርታችሁን ወይም ጨዋታችሁን አይደለም፤ ያላዘዛችሁትን ወጪ ነው። የቴሌግራም ላኪው እያንዳንዱን ቃል «ይህ ይሂድ፣ ይህ ይቅር» ብሎ ይመርጥ ነበር። ያ ምርጫ ዛሬ ሴቲንግ ውስጥ ተደብቋል፤ ከፍቶ መምረጥ የእናንተ ነው።