ከግመል ጀርባ እስከ ፎርክሊፍት፦ ድሬዳዋ ሸክሟን በምን አነሣች?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይላሉ አባቶቻችን። የኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረቱም ይኸው ነው። ይሁንና የሃምሳው ሰው ምርት አንድ መጋዘን ሲገባ ተመልሶ ሸክም ይሆናል። ስለዚህ በዚህ የምሥረታ በዓላችን፣ ከተማችን ሸክሟን በምን ስታነሣ እንደኖረች መለስ ብለን እንይ።

ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ ለሐዲድ አልተመቸም። በመሆኑም የሐረር ዕቃ እዚህ እየተራገፈ በግመልና በበቅሎ ይወጣ ነበር። በጣቢያውና በመጋዘኑ ጆንያውን የሚያነሣው የሰው ትከሻ ነበር።

ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዘመን፣ በ1917 እ.ኤ.አ.፣ በአሜሪካ ክላርክ የተባለው ኩባንያ በፋብሪካው ውስጥ ዕቃ የሚያመላልስ ትንሽ ባለሞተር ተሽከርካሪ ሠራ። ፎርክሊፍት የመጣው ከእንዲህ ዓይነቶቹ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሠራዊት ስንቅ በፓሌት ተደርድሮ መጫን ሲለመድ መሣሪያው በዓለም ተስፋፋ።

በድሬዳዋም የኤሌክትሪኩ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ነፃ የንግድ ቀጣናው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ተከፍቷል። በደረቅ ወደብ ሙሉ ኮንቴይነር እስከ 30 ቶን ስለሚመዝን የሚያነሣው ግዙፍ ማሽን ነው። ያንን አይቶ «ለእኛም ትልቁ ይገዛ» ማለት ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። 60 ኪሎ የሚመዝኑ 20 የቡና ጆንያዎች በአንድ ፓሌት ላይ ቢደረደሩ 12 ኩንታል ብቻ ናቸው። ለዚህ 2 ቶን የሚያነሣ ይበቃል። ሆኖም ሸክሙ ከሹካው ሥር በራቀና ከፍ ባለ ቁጥር አቅሙ እንደሚቀንስ መዘንጋት የለበትም።

የናፍጣው ዓይነት ለጠጠርና ለአፈር ግቢ ይስማማል። በተዘጋ መጋዘን ግን ጭሱ ሠራተኛውን ይጎዳል፤ ቡናም ሽታ ይስባል። በጣዕሙ ለሚሸጠው የሐረር ቡና ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። የኤሌክትሪኩ ጭስ የለውም፤ ለስላሳ የሲሚንቶ ወለል ግን ይፈልጋል። ባትሪውም በድሬዳዋ ሙቀት ቶሎ ስለሚደክም ውኃውን መከታተልና አየር በሚዘዋወርበት ቦታ መሙላት ያስፈልጋል።

በሥራዬ አጋጣሚ አንድ ማሽን በመጋዘኑ በር አላልፍ ብሎ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ጆንያው አሁንም በትከሻ ሲገባ አይቻለሁ። የከሰረው የአባላት ገንዘብ ነው፤ የጎበጠውም የወንድሞቻችን ወገብ ነው። ከግዢ በፊት የበሩ ቁመት፣ የመተላለፊያው ስፋት፣ ወለሉና ሸክሙ ይለኩ። ጆንያ ሲሸከሙ የኖሩትም በኦፕሬተርነት ይሠልጥኑ፤ የመጋዘኑን ጠባይ ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለምና።

የቀድሞዎቹ ነጋዴዎች ተራራውን አይተው ግመልን መረጡ። እኛም መጋዘናችንን አይተን እንምረጥ። መልካም በዓል!