አለት የሚሰነጥቀው ውርጭ፦ የአንድ ማብራሪያ ታሪክ



በቀዝቃዛ አገሮች አለት ለምን ይፈረካከሳል ብለን ብንጠይቅ፣ የሚሰጠን የተለመደ መልስ አንድ ነው፤ በስንጥቅ የገባ ውኃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል፣ አለቱንም እንደ ሞላ ጠርሙስ ይሰነጥቀዋል። መልሱ መሠረት አለው። ፈጽሞ በተዘጋ ቦታ ያለ ውኃ ከዜሮ በታች 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ 207 ሜጋፓስካል ያህል ግፊት ሊፈጥር ይችላል፤ ይህን የመሰለ የውስጥ ግፊት የሚችል አለት የለም።

ይሁንና አለት ጠርሙስ አይደለም። ስንጥቁ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወገን ክፍት ነው፤ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹም ከ90 በመቶ በላይ በውኃ ካልተሞሉ በረዶው የሚሰፋበት ባዶ ቦታ አያጣም።

ማብራሪያውን በመጀመሪያ ያናጋው የአፈር ጥናት ነበር። አሜሪካዊው የጂኦሎጂ ምሁር ስቲቨን ቴበር እ.ኤ.አ. በ1929 እና በ1930 ባሳተማቸው ጽሑፎች፣ በውኃ ፋንታ ቤንዜን የተባለውን ፈሳሽ በአፈር ውስጥ አቀዘቀዘ። ቤንዜን ወደ ጠጣርነት ሲለወጥ ይኮማተራል እንጂ አይሰፋም፤ አፈሩ ግን ወደ ላይ ተነሣ። እንግዲህ ኃይሉ የመጣው ከመስፋት ሳይሆን፣ እያደገ ያለው ክሪስታል ከአካባቢው ፈሳሽ እየሳበ በመወፈሩ ነው። በውኃም ዘንድ በበረዶውና በማዕድኑ ገጽ መካከል ያልረጋ ስስ የውኃ ሽፋን ይቀራል፤ በዚህ በኩል ውኃ ወደ ቀዝቃዛው ስፍራ ይጓዛል።

ይህ ሐሳብ ከአፈር ወደ አለት በሚገባ እስኪሻገር ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። ጆሴፍ ዋልደርና በርናርድ ሃሌት በ1985 ባቀረቡት የስሌት ሞዴል፣ ስንጥቅ ይበልጥ የሚያድገው ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ከ4 እስከ 15 ዲግሪ ባለው ክልል ሲቆይ መሆኑን አሳዩ። በ2006 ጁልያን መርተንና ባልደረቦቹ በቤተ ሙከራ፣ በለስላሳ የኖራ ድንጋይ ውስጥ የበረዶ ንብርብር እያደገ ድንጋዩን ሲሰነጥቅ ተመለከቱ።

በዚህም ጥያቄው ራሱ ተለወጠ። ውኃው ስንት ጊዜ ረግቶ ስንት ጊዜ ቀለጠ ከሚለው ቆጠራ ይልቅ፣ ቅዝቃዜው ምን ያህል ቆየ፣ ውኃስ ከየት ደረሰው የሚለው ቀደመ። ከ4,500 ሜትር በላይ በሚደርሰው በራስ ዳሸን የበጋው ውርጭ ሌሊት ረግቶ ቀን ይቀልጣል፤ በቆጠራው ብንሄድ ብርቱ ሰባሪ በሆነ ነበር፤ ዳሩ ግን እንዲህ ያለው የአንድ ሌሊት ውርጭ ከአለቱ ገጽ እምብዛም አይዘልቅም። የአለት ጽናትም ከጥንካሬው ብቻ አይመጣም፤ ቀዳዳውና ስንጥቁ ጥቂት የሆነ ግራናይት ውኃ በቀላሉ ስለማያሳልፍ ይጸናል፣ ውኃ የሚመጠው የኖራ ድንጋይ ግን ይሸነፋል።

የአሮጌው ማብራሪያ ሙሉ በሙሉ አልወደቀም፤ በውኃ በጠገበና በፍጥነት በሚቀዘቅዝ አለት ዛሬም ይሠራል። ብቻውን ሲቀር ግን ያሳስታል። ውርጭ ሲቀንስ ተራራው ይረጋጋል ያሰኛልና። በ2003 ሞቃታማ በጋ በአልፕስ የማተርሆርን ተራራ አለት ተንዶ፣ በተናደበት ስፍራ በረዶ ተገልጦ ታየ፤ ተራራ ወጪዎችም በሄሊኮፕተር እንዲወርዱ ተደረገ። በስንጥቁ ውስጥ የተጋገረው በረዶ አለቱን ይከፍለዋል፣ የተከፈለውንም አያይዞ ያቆየዋል፤ ሲሞቅ የሚለቀውም ይህን መያዣ ነው። ከሥሩ መንደር ላለው ሕዝብ በሁለቱ ማብራሪያዎች መካከል ያለው ልዩነት የሕይወት ጉዳይ ነው።