ጎራዴ፦ የዞሊንገን ብረት በሐበሻ አፎት

ጎራዴ በአንድ በኩል የተሳለ፣ ለዘብ ብሎ የጎበጠ የኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ነው። ወንድሞቹ ቀጥ ያለው ባለ ሁለት ስለት ሰይፍና እንደ ማጭድ የተቆለመመው ሾተል ናቸው። ሾተል የጋሻን ጠርዝ ዞሮ ከበስተኋላ ያለውን ሰው እንዲያገኝ የተሠራ ነው፤ ብልሃቱ ቢደነቅም ከአፎት ሲመዘዝ ያስቸግራል።

የጎራዴው መልክ የአገር ቤት ይሁን እንጂ ብረቱ ብዙ ጊዜ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። አውሮፓውያን በመካከለኛው ዘመን የታጠቁት መስቀል የመሰለ እጀታ ያለው ቀጥ ያለ ሰይፍ ነበር። ጥሩሩ እየጠነከረ ሲሄድ ሰይፉም ጫፉ ሾለ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከተሜው መኳንንት ራፒየር የተባለውን ቀጭን መውጊያ ያዘ። ሳብር የሚሉት ጎባጣው የፈረሰኛ ሰይፍ ግን ከምሥራቅ በሃንጋሪና በፖላንድ በኩል ገብቶ በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተስፋፋ። የጎራዴ የሥጋ ዘመድ ይኸኛው ነው።

ሰይፍ በመሥራት የታወቀችው የጀርመን ከተማ ዞሊንገን ለኢትዮጵያ ገበያ ስትሠራ በብረቱ ላይ የይሁዳ አንበሳንና የግእዝ ፊደል እስከ መቅረጽ ደርሳለች። የአገሬው ባለእጅ የአውራሪስ ቀንድ እጀታ ያበጅለታል፤ ፋቂው የቆዳ አፎት ይሰፋለታል። አውሮፓዊው ሰይፉን በግራ ጎኑ ሲያንጠለጥል ሐበሻው በቀኙ ይታጠቅ ነበር፤ የውጭ መንገደኞችም ይህን ሳይጽፉ አላለፉም።

ከመካነ ሰላም በስተሰሜን ምሥራቅ ባለው በመቅደላ አምባ ሥር፣ እሮጌ ላይ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተጋጠመ። የእንግሊዞቹ ስናድር ጠመንጃ ጎራዴው ከሚደርስበት ርቀት አስቀድሞ ይጥል ነበር፤ ከኢትዮጵያውያን ወደ 700 የሚገመቱ ሲወድቁ ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት 2 ብቻ ናቸው። በዚያ ቀን የጎደለው ጀግንነት አልነበረም። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን ራሳቸውን በሽጉጥ ሠዉ፤ ከአምባው የተዘረፈው ንብረትም በደላንታ ሜዳ በጨረታ ተሸጠ።

ዛሬ ጎራዴ የሚመዘዘው ለፉከራና ለዓድዋ በዓል ነው። የአያቱን ጎራዴ ግድግዳ ላይ የሰቀለ አንባቢ ከእጀታው ሥር ያለውን ብረት ዝገቱን ሳይፍቅ በብርሃን ይመልከተው፤ የሠሪው ማኅተም ካለ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።