የእግር ሹራብና የእጅ ሙያ



በክረምት ማታ ከመሥሪያ ቤት ወጥታችሁ በጉለሌ በጳውሎስ በኩል ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ አስቀድሞ የሚይዘው እግራችሁን ነው። ትከሻን ጋቢ ያሞቀዋል፤ ለእግር ግን ምን አዘጋጅተናል? ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል፤ ታሪኩ ግን ትንሽ አይደለም።

ብርድ በከተማችን ታሪክ ውስጥ የራሱ ስፍራ አለው። ዐፄ ምኒልክ በእንጦጦ ላይ በከተሙ ጊዜ ስፍራው 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው በመሆኑ ብርዱና ነፋሱ የበረታ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውሃ ወርደው ስፍራውን ስለ ወደዱት በዚያ ቤት ተሠራ፤ በ1879 ዓ.ም. ዐዲስ አበባ ተቈረቈረች። እንግዲህ ለዋና ከተማችን መወለድ ከምክንያቶቹ አንዱ ሙቀት ፍለጋ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ብርድን ለመከላከል አበው ሁለት ነገር ነበራቸው፤ ይኸውም ጥጥና የበግ ጠጉር ነው። በመንዝ ሴቶቹ ጠጉሩን ይፈትላሉ፤ ወንዶቹ ባና ይሠሩበታል። በርኖስም ከዚሁ ከጠጉር የሚሠራ ነው። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ወዲህ ከዶርዜና ከሌላውም የጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ደግሞ በጉለሌና በሽሮ ሜዳ ጋቢና ኩታ ሲሠሩ ኖረዋል። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ጥበብ ለትከሻና ለወገብ ሲደርስ እግር ተረሳ፤ አብዛኛው ሕዝብም በባዶ እግሩ ይሄድ ነበር።

በግብፅ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ከዚያ ከጥንታዊ ከተማ የተገኘ፣ ከ1,500 ዓመት በላይ የሆነው ቀይ የሱፍ የእግር ሹራብ ዛሬ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ይገኛል። በአንድ መርፌ የተሠራ ሲሆን፣ ከሰንደል ጫማ ጋር እንዲለበስ የአውራ ጣቱ ስፍራ ለብቻው ተከፍሏል። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላም በዚያው አገር ሰዎች የጥጥ የእግር ሹራብ ይሠሩ ነበር። ጥጥም ሱፍም በእኛ ዘንድ እንደ ነበሩ አስተውሉ።

ቃሉም ቢሆን ደርሶናል። በግብፅ ዐረብኛ «ሹራብ» ማለት የእግር ልብስ ነው። እኛ ስሙን ለደረት ልብስ ሰጥተን፣ የእግሩን «የእግር ሹራብ» አልነው፤ በኋላም ከጣሊያንኛ «ካልሲ» የሚለውን ወሰድን።

ታዲያ ክሩም ቃሉም ሳለ ሥራው ስለ ምን አልተስፋፋም? እንደ እኔ አሳብ ከምክንያቶቹ አንዱ የእጅ ሙያን መናቃችን ነው። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩንና ፋቂውን በሙያው የሚሰድበው በዝቶ ስለ ነበረ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህን ስድብ በዐዋጅ ከለከሉ። ዐዋጅ አፍን ይዘጋል፤ ልብን የሚመልሰው ግን ሌላ ነው። ተምረን ብዕር የያዝን ሰዎች ስድቡን ትተናል፤ ነገር ግን ልጃችን መርፌና ክር ቢይዝ ደስ ይለናልን? ለባለሙያዪቱስ የድካሟን ዋጋ ሳንከራከር እንከፍላለንን?

የቤት ውስጥ የእግር ሹራብ ሥራው ከባድ አይደለም። ወፍራም የሱፍ ክር በእጥፍ ይዞ በሁለት መርፌ መሥራት፣ መርገጫውን ድርብ አድርጎ በመካከሉ የተባዘተ ሱፍ ማስገባት፣ ዙሪያውንም አጥብቆ መስፋት ነው። ጠጉሩ ከመንዝ፣ መርፌው ከገበያ፣ እጁም ከየቤታችን ይገኛል።

አበው «በጥቅምት አንድ አጥንት» ሲሉ ለብርድ ወራት አስቀድሞ ማሰብን አስተምረውናል። ለሆድ ያሰብነውን ለእግርም እናስብ፤ እግራችንን የሚያሞቀውን እጅ ግን ከሁሉ አስቀድመን እናክብር።