የኤረር አሮጌ ጣቢያና ወተት ሻጮቹ እናቶች



ድሬዳዋ ያደግሽ ከሆነ «ለገሃር» የሚለውን ቃል ከፊደል በፊት ነው የምታውቂው። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን የባቡር ጣቢያ ማለት ነው። አዲስ አበባም የራሷ ለገሃር አላት። ስለ ሁለቱ ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የማወራሽ በመሀላቸው ስላለችው ስለ ኤረር ነው።

ኤረር ከድሬዳዋ በስተምዕራብ፣ በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን ውስጥ ያለች ሞቃት ቦታ ናት። ሰው የሚያውቃት በፍል ውኃዋና በብርቱካኗ ነው። በባቡር ያለፈ ሰው ደግሞ በመስኮት በኩል በሚሸጠው ወተት ያስታውሳታል።

የመስመሩን ታሪክ ባጭሩ ልንገርሽ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። አፄ ምኒልክ ለስዊዙ አልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ የሰጡት በ1894 ነው። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ በኢሳዎች የግጦሽ መሬት ላይ ያልፍ ስለነበር ግጭት ተነሳ፣ ሰውም ሞተ። ብዙ ጽሑፎች ይህን በአንድ መስመር ያልፉታል። ከብቱን የሚያሰማራበት ሜዳ ላይ ብረት ሲዘረጋ ላየ ሰው ግን ነገሩ የአንድ መስመር ጉዳይ አልነበረም። በ1902 መጨረሻ ባቡሩ ድሬዳዋ ደረሰ። ሐሳቡ ሐረር ለመግባት ነበር፤ ተራራው ከባድ ወጪ ስለሚጠይቅ ቀረና በሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተወለደ። ከዚያ ገንዘብ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ። በ1908 ሌላ ኩባንያ ተተክቶ ሥራው ወደ ምዕራብ ቀጠለና በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። የኤረር ጣቢያ በዚህ በሁለተኛው ክፍል ላይ ነው ያለው።

በዚያ በረሃ ያን ያህል ትናንሽ ጣቢያ ለምን አስፈለገ ብለሽ ትጠይቂ ይሆናል። የእንፋሎት ባቡር ውኃ ይጠጣል፤ ሳይጠጣ ሩቅ አይሄድም። ሐዲዱም አንድ ብቻ ስለነበር ከወዲያና ከወዲህ የሚመጡት ባቡሮች የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ነው፤ አንዱ ቆሞ ሌላውን ይጠብቃል። ያ የመጠበቂያ ጊዜ ነው ለሴቶቹ ገበያ የሆነላቸው።

በአርብቶ አደሩ ቤት ግመሉ የወንዱ ቢሆን እንኳ ወተቱን የምትሸጠው ሴቷ ናት። ዕቃውን በጭስ ታጥናለች፣ ወተቱ በሙቀቱ ቶሎ እንዳይበላሽ። ከዚያ የባቡሩን ሰዓት ትጠብቃለች። ባቡሩ ከዘገየ ወተቱ ይጎመዝዛል፣ ከቀረ ደግሞ የዚያ ቀን ስኳርና ዱቄት የለም። እኛ ሪዝቅ ከአላህ ነው ስንል በአፋችን ነው፤ እነርሱ ግን ሐዲዱ ዳር ቁጭ ብለው፣ ጆሯቸውን ወደ ፉጨቱ አዘንብለው ነበር የሚሉት።

ስለ ኮንትሮባንዱም ዝም አልልም። ከጅቡቲ በኩል ልብስ በልብስ ላይ ደርበው የሚመጡ እናቶች ነበሩ፤ የድሬዳዋው ታይዋን ገበያ በእነርሱ ጭምር ነው የቆመው። አንዳንዶቻችን የተማርነው በዚያ ገንዘብ ነው። ፍርዱን ለዑለሞች እተወዋለሁ፣ ውለታቸውን ግን አልክድም።

መስመሩ ብዙ ቆስሏል። በ1977 በሶማሊያ ጦርነት ድልድዮቹ ፈረሱ። በጃንዋሪ 1985 ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይጓዝ የነበረ ባቡር አዋሽ አካባቢ መታጠፊያ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ፤ ከ400 ሰው በላይ አለቀ። አላህ ይዘንላቸው። በዚያ ዘመን ድሬዳዋ ለነበሩ ቤተሰቦች ይህ ቀን እስካሁን የሚነካ ቁስል ነው።

የገደለው ግን ጦርነቱም አደጋውም አይደለም። ሐዲዱ አረጀ፣ ጭነቱ ወደ መኪና ዞረ፣ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተጀመረው ጥገናም ሳያልቅ ተቋረጠ። በ2008 ገደማ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል ባቡር መሄድ አቆመ። በ2016 በቻይናዎች የተሠራው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ተመረቀ። ሐዲዱ ሰፊ ነው፣ ባቡሩም ፈጣን፤ ለአገር ይጠቅማል፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ውኃ አይጠጣም። እንደ አሮጌው በየመንደሩ ቆሞ በመስኮት ወተት የሚገዛ ባቡር አይደለም።

ጂዳ፣ ዱባይ ወይም ሚኒያፖሊስ ሆነሽ ይህን የምታነቢ እህቴ፣ እናትሽ ወይም አያትሽ ከኤረር፣ ከአፍደም፣ ከሚኤሶ ወይም ከአዲጋላ ከሆነች በሚቀጥለው ስትደውዪ ባቡሩ በስንት ሰዓት ይመጣ እንደነበር ጠይቂያት። ድምፅዋንም ቅጂው።